ጎንደር ላይ ሆኜ የማነበው የሞገድ ትንበያ

ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ስልኬን እከፍታለሁ። የማየው የጎንደርን አየር አይደለም። ከኬፕታውን መሃል ከተማ በባቡር የሚደረስ፣ ሙይዘንበርግ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። የእሱን ሞገድ ነው የማየው። ስንት ሜትር ነው? በስንት ሰከንድ ይመጣል? ነፋሱ ከየት ነው? ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ባሕር በሌለው አገር የተቀመጠች ከተማ ናት። ጎረቤታችን እማማ አንድ ቀን ቡና ላይ "ይኼ ልጅ ደብተራ ሆነ እንዴ? ዓይኑ የማያየውን ባሕር ይጠነቁላል" ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ በሰፈር ስሜ "የማዕበል ደብተራ" ሆኗል።

ጥፋቱ የእህቴ ልጅ ነው። እኔ ኬፕታውን አራት ዓመት ሱቅ ስሠራ ኖሬ ተመለስኩ። እሱ ደግሞ አሁን እዚያ ነው። በእረፍት ቀኑ ሰርፍ፣ ማለትም ሞገድ ላይ በቦርድ ቆሞ መንሸራተት፣ መማር ጀምሯል። የትንበያውን ሠንጠረዥ ፎቶ አንስቶ ይልክልኝና "ጋሼ፣ ዛሬ ልግባ?" ይለኛል። እሱ ለጓደኞቹ ነገረ፤ ጓደኞቹም መጠየቅ ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ከመድገም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። አብዛኛው የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ስሕተቶቼም ከባሕር ርቆ ያደገ ሐበሻ የሚሠራቸው ዓይነት ናቸው፤ የነጮቹ መማሪያ ቪዲዮ ውስጥ አታገኟቸውም።

ከሁሉ በፊት ዋና። የጎንደር ልጅ ውሃ የሚያውቅ ይመስለዋል። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ የፋሲል መዋኛ ሲሞላ፣ ጸሎቱ እንዳለቀ ዘለን እንገባለን። እኔም በልጅነቴ ዘልያለሁ። መዝለል ግን መዋኘት አይደለም። መጀመሪያ ቀን ሙይዘንበርግ ወገቤ ድረስ ገብቼ አንዲት ሞገድ ስትገለብጠኝ ገባኝ። ወጣሁና ሦስት ወር ገንዳ ውስጥ ዋና ተማርኩ። ቦርዱ እግራችሁ ላይ በገመድ ስለሚታሰር እሱ ያድነኛል አትበሉ። ገመድ ይበጠሳል። ሳታርፉ 200 ሜትር መዋኘት እስክትችሉ ድረስ ቦርድ አትከራዩ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሙይዘንበርግ ለጀማሪ የሚመከረው በምክንያት ነው። ወለሉ አሸዋ ነው። ድንጋይ ላይ አትወድቁም። ደግሞ ጥልቀቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከራሱ ከፍታ 1.3 እጥፍ ገደማ ሲደርስ ነው። የአንድ ሜትር ሞገድ 1.3 ሜትር ውሃ ላይ ሲደርስ ይደረመሳል ማለት ነው። የባሕሩ ወለል እንደ ደምቢያ ሜዳ ከሆነ ሞገዱ ከሩቅ ጀምሮ ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ ነጭ አረፋውም ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጀማሪ የሚማረው እዚያ አረፋ ላይ ነው። ወለሉ እንደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ከሆነ ግን ሞገዱ በአንዴ ተነስቶ በአንዴ ይወድቃል። እናንተ ደግሞ ከሥሩ።

አሁን ወደ ትንበያው። ዊንድጉሩ ወይም ዊንዲ የሚባሉትን አፕ ስትከፍቱ ብዙ ቁጥር ነው የሚያጋጥማችሁ። ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚጥለው ሜትሩ ላይ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። 2 ሜትር ሲሆን እፈራለሁ፤ 1 ሜትር ሲሆን ጮቤ እረግጣለሁ።

ስለዚያ ሜትር ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ የአንድ ሞገድ ልክ አይደለም። ከሚመጡት ሞገዶች ውስጥ ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛው ተወስደው አማካይ ከፍታቸው ነው። ይህ አቆጣጠር የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ዋልተር ሙንክ እና ሃራልድ ስቨርድሩፕ የሚባሉ የባሕር ሳይንስ ሰዎች፣ ወታደር በጀልባ ዳርቻ ላይ የሚወርድበትን ቀን ለመምረጥ ሞገድ የሚተነበይበትን መንገድ ሲያወጡ የተጠቀሙበት ነው። አማካይ ስለሆነ ከእሱ የሚበልጥ ሞገድ ሁልጊዜ አለ። ረዘም ላለ ጊዜ ከቆያችሁ እጥፉን የሚያህል አንድ ሊመጣ ይችላል። አፑ 1 ሜትር ካለ 2 ሜትር የሚሆን እንግዳ ጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሜዳው ባሕር ነው እንጂ የእናንተ ዳርቻ አይደለም። ሙይዘንበርግ ፎልስ ቤይ በሚባል ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ነው ያለው። ወሽመጡ አፉ ወደ ደቡብ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ሞገድ የኬፕ ፖይንትን ተራራማ ልሳነ ምድር ዞሮ ነው የሚገባው። ሲዞር ይደክማል። ስለዚህ ውጭ 3 ሜትር የተባለ ቀን ጥጉ ላይ ወገብ የማይደርስ ሞገድ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከደቡብ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ደግሞ በር እንደተከፈተለት ነው። የሞገዱን አቅጣጫ የምታሳየዋን ትንሽ ቀስት አትዝለሏት።

ከሜትሩ የሚበልጠው ቁጥር ግን ሰከንዱ ነው። በአንድ ሞገድና በተከታዩ መካከል ያለው ጊዜ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ዘልዬው ኖሬያለሁ።

የተማርኩበትን ቀን አልረሳውም። ሰኞ ነበር፤ ከሱቅ የማርፍበት ቀን። ትንበያው 1 ሜትር ይላል። ሰከንዱ 15። ሜትሩን አየሁና ከቤት ወጣሁ። ዳርቻው ላይ ስደርስ ባሕሩ ጸጥ ብሏል። አምስት ደቂቃ ያህል ቆሜ አየሁ። ምንም የለም፤ ትንንሽ ሞገድ ብቻ። ቦርድ አከራዩ "ዛሬ ትንሽ ነው፣ እንዲያውም አጭሩን ቦርድ ሞክረው" አለኝ። ጀማሪ መሆኔን ያውቃል። እኔም አጭሩ ስለሚያምር ተቀበልኩ። ለጀማሪ የሚሆነው 8 ወይም 9 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ላዩ ስፖንጅ የሆነ ቦርድ ነው። ሲመታችሁም አይሰብራችሁም። አጭርና ጠንካራ የሚሰጣችሁ ሰው ከመጣ አመስግናችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ገባሁ። ደረቴ ድረስ እንደደረስኩ አድማሱ ወፈረ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፤ መስመሩ ወፈረ። መጀመሪያ የመጣው ሞገድ ራሴን በልጦ ነበር። ቦርዱን ለቅቄ ጠለቅኩ። ጉልበቱ ከላይ ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ከታችም እግሬን ጠርጎ ወሰደው። ቦርዱ ገመዱን ወጥሮ ቁርጭምጭሚቴን ይጎትታል። ጥርሴ መካከል አሸዋ ይንኳኳል። ብቅ ስል ሁለተኛው ደረሰ። ከዚያ ሦስተኛው። ከዚያ ደግሞ ድንገት ጸጥ። አፍንጫዬ የባሕር ውሃ እያፈሰሰ ስወጣ ባሕሩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ተኝቷል።

ኋላ አንድ የቆየ ሰርፈር አሸዋ ላይ በእንጨት እየጻፈ አስረዳኝ። የሞገድ ኃይል የከፍታው ካሬ በሰከንዱ ሲባዛ ነው። 1 ሜትር በ15 ሰከንድ፦ 1 ጊዜ 1 ጊዜ 15፣ 15 ይሆናል። 1.5 ሜትር በ7 ሰከንድ፦ 2.25 ጊዜ 7፣ 15.75። አያችሁት? በሜትር ግማሽ ያህል ልዩነት አላቸው፤ በጉልበት ግን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የ7 ሰከንዱ ያንን ጉልበት ለብዙ ሞገዶች ያካፍለዋል። የ15 ሰከንዱ ለጥቂቶች ይሰጠዋል። ዳርቻ ላይ ሲደርስ ደግሞ ረጅም ሰከንድ ያለው ሞገድ የበለጠ ሽቅብ ይነሳል። በተጨማሪም በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሆኖ ይመጣና ብዙ ደቂቃ ይጠፋል። እኔ አምስት ደቂቃ ያየሁት የጠፋበትን ጊዜ ነበር።

ሰከንዱ የሚነግራችሁ የሞገዱን የትውልድ አገር ነው። 14 ወይም 15 ሰከንድ ያለው ከሩቅ፣ ከአንታርክቲካ በላይ ካለው የደቡብ ውቅያኖስ ማዕበል የተነሳ ነው። ቡድኑ በቀን 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ቀናት ፈጅቶ ይደርሳል። 5 ወይም 6 ሰከንድ ያለው እዚያው አካባቢ የነበረ ነፋስ የፈጠረው ነው፤ ዝብርቅርቅ ያለ፣ አቅጣጫ የሌለው። ለጀማሪ የምመርጠው ዳርቻው ላይ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ከ9 እስከ 12 ሰከንድ ያለውን ነው። ከ14 ካለፈ ሜትሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ 20 ደቂቃ ሳትቀመጡ አትግቡ። ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። ትልቁ ቡድን ሲመጣ ካያችሁ በኋላ ወስኑ።

ነፋስ ላይ የሠራሁት ስሕተት ያሳፍራል፤ ግን ልናገረው። ትንበያው "ደቡብ ምሥራቅ 20 ኖት" ይላል። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው፤ 37 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እኔ ነፋሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄድ መስሎኝ "ከመሬት ወደ ባሕር ነው፤ ጥሩ ነው" ብዬ ባቡር ተሳፈርኩ። ነፋስ ግን የሚጠራው በመጣበት ነው። ሰው "ጎንደሬ" ሲባል ከጎንደር የመጣ እንጂ ወደ ጎንደር የሚሄድ አይደለም። ስደርስ አሸዋው እግሬን እንደ መርፌ ይወጋል። ባሕሩ ሁሉ ነጭ። አንድ ሰው ውሃ ውስጥ የለም። ስንቄን በልቼ ተመለስኩ።

ደንቡ ቀላል ነው። ከመሬት ወደ ባሕር የሚነፍስ ቀለል ያለ ነፋስ የሞገዱን ፊት ያቃናል። ከባሕር ወደ መሬት የሚነፍስ ያፈርሰዋል። ሙይዘንበርግ ላይ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ጥሩው ነው፤ የደቡብ ምሥራቁ መጥፎው። ደቡብ ምሥራቁ የሚበረታው በእነሱ በጋ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ሰሜን ምዕራቡ በክረምት ይመጣል። ሲገርም የእነሱም ክረምት ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው፤ ኬፕታውንም እንደ ጎንደር በዚያ ወራት ነው የሚዘንባት። ናፍቆት ሲያንገላታኝ ይህ ያጽናናኝ ነበር። ውሃው ግን በዚያ ወቅት 14 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ወፍራም የጎማ ልብስ ሳትለብሱ አይሞከርም። ከመሬት የሚነፍሰው ነፋስም ቢሆን ሲበረታ ጀማሪን ወደ ውስጥ ይገፋል። 15 ኖት ካለፈ እኔ ቡና ነው የምጠጣው።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ይህኛው የሐበሻ ብቻ ጣጣ ነው።

ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሙላትና ጉድለት ሰፊ ልዩነት የሚያሳዩት ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ነው። እዚህ ጎንደር ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የጨረቃን ቀን በጣቱ ቆጥሮ ይነግራችኋል። እኔ አንድ አጎቴን "ጨረቃ ዛሬ ስንት ናት?" እያልኩ በስልክ እጠይቅ ነበር። ለጾም መስሎት "እግዚአብሔር ይባርክህ" ይለኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ሠንጠረዡ ጉድለት 09:20 ይላል። የመጀመሪያ ልምምዴን ጉድለቱ ካለፈ በኋላ ውሃው ቀስ ብሎ ሲሞላ እንዳደርግ ተነግሮኛል። ጭንቅላቴ ውስጥ 9 ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ ነው። ምሳዬን በልቼ፣ ተረጋግቼ፣ በእኛ 9 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። በእነሱ 15:30 መሆኑ ነው። ከጉድለቱ ስድስት ሰዓት አልፎ፣ ባሕሩ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አሸዋው ጠፍቷል። ሞገዱ ግንቡን መትቶ እየተመለሰ ከሚመጣው ጋር ይላተማል። የሚማር ሰው የሚቆምበት ቦታ አልነበረም። ስልካችሁን በፈረንጅ ሰዓት አድርጋችሁ 24 ሰዓቱን ተለማመዱ። እኔ አሁን ጎንደር ሆኜ የእህቴን ልጅ ስረዳው ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፤ የደቡብ አፍሪካ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አንዳንዱ አፕ የቦታውን ሰዓት ያሳያል፤ አንዳንዱ የስልኩን። አንዴ አረጋግጡ።

ትንበያው ሁሉ ጥሩ ቢሆንም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ዓይን ነው። ዳርቻው ላይ ስትደርሱ ቦርድ ከመከራየታችሁ በፊት ተቀመጡ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባንዲራ። ሙይዘንበርግ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ ከተራራው ሆነው ሻርክ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። አረንጓዴ ማለት ውሃው በደንብ ይታያል፤ ሻርክም አልታየም። ጥቁር ማለት አልታየም፤ ግን ውሃው ጥርት ብሎ አይታይም። ቀይ ማለት በቅርቡ ታይቷልና ተጠንቀቁ። ሻርክ የተሳለበት ነጭ ባንዲራ ከሳይረን ጋር ከመጣ ውጡ፤ አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ ውጡ።

ሁለተኛው ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ነው። ሞገድ ወደ ዳርቻ የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። አንድ ጠባብ መንገድ ያገኝና በዚያ ወደ ባሕር ይሮጣል። ከውጭ ስታዩት ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ጀማሪ "እዚህ ይሻላል" ብሎ የሚመርጠው እሱን ነው። እኔም መርጬዋለሁ። ከያዛችሁ ወደ ዳርቻ ፊት ለፊት አትታገሉ፤ ከእናንተ ይፈጥናል። ቦርዱን አቅፋችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ቅዘፉ። ሞገድ የሚሰበርበት ስትደርሱ አረፋው ራሱ ይመልሳችኋል። ካልሆነ እጅ ማውጣት ነው። እጅ ማውጣት ነውር አይደለም።

ከተመለስኩ በኋላ ብዙ ሰው "ጣና ላይስ አይሆንም?" ይለኛል። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጎርጎራ ወርጄ አይቻለሁ። ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጭዋሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ደረስኩ። ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር። ታንኳውን ወደ ዳር የሚጎትት አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁና "አያ፣ ዛሬ ነፋስ ይኖራል?" አልኩት። ሽቅብ እንኳ ሳያይ "ጠዋት ውሃው ይተኛል። ቀን ይነሳል" አለኝ። እውነትም ከ8 ሰዓት በኋላ ከደቡብ ነፋስ መጣና ሐይቁ ተነሳ። ፀሐይ መሬቱን ከውሃው ቀድማ ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ሲነሳ ከውሃው በኩል ያለው ይተካዋል። ባሕር ላይም ጠዋት የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። አጥማጁ አፕ የለውም፤ ትንበያው ግን ከእኔ በልጦ ነበር።

ሰዓቴን ይዤ ሞገዱን ቆጠርኩ። በየ3 ሰከንዱ ነው የሚመጣው። ጣና ቢበዛ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ርዝመቱ። ነፋሱ ሞገድ የሚያሳድግበት ሜዳ ያጥረዋል። የ3 ሰከንድ ሞገድ ያንገላታችኋል እንጂ አይሸከማችሁም። ለሰርፍ አይሆንም። ቢልሃርዝያም አለ፤ ጉማሬም አለ። ስለዚህ ዋናውን ገንዳ ውስጥ ተማሩ። ጎርጎራ ሄዳችሁ ግን ከሰዓት በኋላ ዳር ላይ ቁጭ ብላችሁ ሰከንድ መቁጠርን ተለማመዱ። ወጪ የለውም፤ ዓሣውም ጥሩ ነው።

ትናንት የእህቴ ልጅ እንደ ልማዱ ፎቶ ላከ። 0.9 ሜትር፣ 11 ሰከንድ፣ ሰሜን ምዕራብ 6 ኖት።

"ጋሼ፣ ልግባ?"

"ባንዲራው?"

"አረንጓዴ።"

"ስንት ደቂቃ ተቀመጥክ?"

"ሃያ። ትልቁ ቡድን ወገቤ አይደርስም።"

"ቦርዱስ?"

"ዘጠኝ ጫማ፣ ስፖንጁ።"

ደስ አለኝ። ልጁ ሰው ሆኗል። "ግባ" ብዬ ልጽፍ ስል ሌላ መልእክት ገባ።

"ጉድለቱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።"

ጣቴ ስልኩ ላይ ቆመ።

"በማን ሰዓት?"